የቅዳሜ ገቢ

አባቴ በሕይወት ዘመኑ የሰው ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ አያውቅም። ለልብስ ሰፊ ይህ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ደንበኛ ኮት ሊያስጠብብ ወይም ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ አባቴ ልብሱን ከመቀበሉ በፊት «ኪስዎን ይገልብጡልኝ» ይላል። ሰውየው ሁሉንም ኪስ በገዛ እጁ ወደ ውጭ ያወጣል፤ የአውቶቡስ ትኬቱን፣ መሐረቡን፣ የዳቦ ፍርፋሪውን ያራግፋል። ልብሱ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ ደንበኛ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎንማ አምናለሁ» ካለው «እኔ ነኝ እንጂ እርስዎን የማላምነው፤ ነገ ሺህ ነበረበት ቢሉኝ ምን ይውጠኛል?» ይልና ሰውየውን አስቆ ኪሱን ያስገለብጠዋል።

ይህን ልማድ ያመጣው ከልጅነቱ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከአንድ ሽማግሌ ሰፊ ዘንድ ሥራ ሊማር ገባ። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ «ኮቴ ውስጥ ገንዘብ ነበረ» አለ። ነበረ አልነበረም የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ማለ፣ ተገዘተ፣ በመጨረሻም ከራሱ ከፈለ። ሰው ግን መክፈሉን እንደ ማመን ቆጠረበት፤ በዓመቱ ሱቁ ተዘጋ። አባቴ ይህን ታሪክ ሲነግረን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። መደምደሚያውን ለእኛ ነበር የሚተወው።

ሠፈሩ «ጋሽ ልክነው» ይለው ነበር። አዲስ ልብስ ለብሶ መስታወቱ ፊት የቆመ ሰው «ሰፋ እንዴ? ጠበበ እንዴ?» ሲል የአባቴ መልስ አንድ ነው፤ «ልክ ነው።» ለወፍራሙም ልክ ነው፣ ለቀጭኑም ልክ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች በተቆጣች ቁጥር «አንተ ምን አለብህ፤ ሁሉም ነገር ላንተ ልክ ነው!» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል «ልክ ነሽ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ማን መቆጣት ይችላል?

ሱቁ ከአንድ ሰፊ አልጋ ብዙም አይበልጥም። በመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና፣ ከጎኑ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከበላዩ ልብስ የሚሰቀልበት የብረት ዘንግ፣ መደርደሪያው ላይ ቁልፍ የሞሉ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮዎች። የግድግዳው መስታወት ሰውን ትንሽ ቀጠን ስለሚያደርግ አባቴ የሰፋውን ልብስ የማይወድ ደንበኛ አልነበረም። የጋለ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ግን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ዛሬም በልብስ ንጽሕና መስጫ ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ይመጣብኛል። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እግሬ ግን እዚያ ደጃፍ ላይ ቆም ሳይል አያልፍም።

የገንዘብን ነገር እኔና ታናሽ ወንድሜ የተማርነው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለን ጠዋቱን ከእሱ ጋር እናሳልፋለን። እኔ ልብሱ ከመሰፋቱ በፊት ለመያዣ የተወጋውን ነጭ ክር እየመዘዝኩ አወጣለሁ። ወንድሜ ወለል ላይ የወደቀውን መርፌና ስፒል በማግኔት ይለቅማል። ስድስት ሰዓት ሲሆን አባቴ የመኪናውን መሳቢያ ይከፍትና ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ፍሬ ሳንቲም ይሰጠናል።

«አንዱ የጎን ኪስ ነው» ይላል፤ «አንዱ የደረት ኪስ።»

የጎን ኪስ ማለት እንዳሻችሁ አድርጉት ማለት ነው። የደረት ኪስ ማለት ግን ይደር ማለት ነው። የደረቱን ኪስ በሸሚዛችን ውስጥ በኩል እሱ ራሱ ነበር የሰፋልን፣ ከነቁልፉ። ተንኮሉ ያለው ቁልፉ ላይ ነው። ቀዳዳውን ሆን ብሎ አጥብቦ ስለሚሰፋው ቁልፉን ለማውጣት በሁለት እጅ መታገል፣ ሲብስም በጥርስ ማገዝ ያስፈልጋል። ከረሜላ ሻጩ ፊት ቆመን ስንታገል ወይ ሰውየው ይሰለቸዋል፣ ወይ እኛ ራሳችን ምን ልንገዛ እንደነበር ይጠፋናል። አባቴ ስለ ቁጠባ አንድም ቀን ሰብኮን አያውቅም። «ገንዘብ ለማውጣት ሰው ትንሽ ማላብ አለበት» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ወንድሜ ላብ የሚወድ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ቀዳዳውን በምላጭ ሰፋ አደረገው። አባቴ አየው። ሸሚዙን አስወለቀው፣ ቀዳዳውን ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቦ ሰፋው፣ መልሶ አለበሰውና «ቀዳዳው» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። የሚገርመው ቀዳዳው አድጎ ከሁላችንም የባሰ ቋጣሪ ሆነ፤ ሚስቱ «ሻይ ጋብዘኝ ካልኩት ራሱን ያመዋል» ትላለች።

እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የደረት ኪሴን ሳልነካ ቆይቼ ኮምፓስና ማስመሪያ የያዘ የቆርቆሮ ሳጥን ገዛሁ። የሂሳብ ሠራተኛ የሆንኩት በዚያ ሳጥን ምክንያት ነው ብዬ ብጽፍ እንዴት ባማረ፤ እውነቱን ለመናገር ግን በሳምንቱ ጣልኩት። አለቀስኩ። አባቴ ሌላ አልገዛልኝም፤ አልተቆጣኝምም። አልቅሼ እስክጨርስ ጠብቆ «አሁን አሥራ አንድ ቅዳሜ ምን ያህል እንደሚረዝም አወቅሽ» አለኝ።

የእኛንም ኪስ ፈትሾ አያውቅም። ልብሳችን ሊታጠብ ሲል እንደ ደንበኛ አቁሞን «ገልብጡ» ይለናል። አንድ ጊዜ ከእኔ ኪስ ከትምህርት ቤት የሰረቅኩት ጠመኔ ወጣ። አባቴ ጣራ ጣራውን እያየ መልሼ ኪሴ ውስጥ እስክከተው ጠበቀኝ። በማግስቱ ጠመኔውን ወስጄ መለስኩት።

አድጌ የአንድ ቀለም ማከፋፈያ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ገቢና ወጪ በየመስመሩ ተሰልፎ ሲገጥም ሌላው ሰው ዘፈን ሲሰማ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ይሰማኛል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምሠራ ልጄን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የማውላት አባቴ ሱቅ ነበር። ፊቷ ክብ ስለሆነ «ቁልፌ» ይላታል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሳምንቱን ሙሉ ከደንበኛና ከጎረቤቱ ጫማ ሠሪ በቀር የሚያዋራው ሰው የለም። ቅዳሜ ሲሆን ግን ገና በጠዋቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ይጠብቃታል።

ቁልፌ መጀመሪያ መርፌዎቹን ትይዛለች። የአባቴ ዓይን ደክሞ ክር ከመርፌ ጋር ማገናኘት ስለተሳነው፣ ለሳምንት የሚበቃውን አሥራ ሁለት መርፌ በየቀለሙ ክር አስገብታ ስፖንጅ ላይ ትሰካለታለች። ከዚያ ቆርቆሮዎቹን ዘርግፋ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ቁልፍ ከባለ አራት ቀዳዳው ትለያለች። ስድስት ሰዓት ላይ ክፍያ አለ። እሷ እንደ እኛ የተሰጣትን ዝም ብላ የምትቀበል አይደለችም።

«አባባ፣ ባለ አራት ቀዳዳው ላይ ጨመር ይደረግ።»

«ለምን?»

«ቀዳዳው ብዙ ነዋ፤ ዓይን ያደክማል።»

«ልክ ነው» ይልና ይጨምራል።

አንዳንዴ ከሥራ ስመጣ ሳልገባ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። እሷ እያወራች እሱ እየሰፋ። መኪናው ሲጮህ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ሲያቆም ዝቅ ታደርጋለች። እነዚያን ቅዳሜዎች መልሶ የሚሸጥልኝ ቢገኝ ዋጋ አልከራከርም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤቷ የምሳውንም የአውቶቡሱንም ክፍያ በካርድ ብቻ መቀበል ጀመረ። ባንኩም «ለልጅዎ የመጀመሪያ ካርድ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ሰቅሏል። እኔ ደግሞ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ሰርግ የተጠራሁ ያህል ደስ ብሎኝ ይዣት ሄድኩ። የባንኩ ሠራተኛ «የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእናትሽም ቢሆን» አላት። ልጄ ቀስ ብላ ዞር አለችና አየችኝ። እኔ የማላውቀው ነገር እንዲኖራት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ተፈቀደላት፤ እዚያው ቆማ ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ካርዱን ልናሳየው አባቴ ጋ ሄድን። መነጽሩን አስተካክሎ አገላብጦ አየው። ልማድ ሆኖበት ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ለካው።

«ስንት ገንዘብ ይይዛል?» አለ።

«ያስገባንለትን ያህል» አልኩት።

«ሲሞላ ይከብዳል?»

ልጄ ሳቀች። «አባባ ደግሞ! ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«ሲያልቅስ አይቀልም?»

«አይቀልም።»

«እንግዲያው ማለቁን በምን ታውቂዋለሽ?»

«ስልክ አለ አባዬ» ብዬ በኩራት ገባሁበት። «አንድ ነገር በገዛች ቁጥር እኔ ስልክ ላይ መልእክት ይደርሰኛል።»

አባቴ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ኪሷን ትፈትሻለሽ ማለት ነዋ?»

«መፈተሽ አይባልም፤ መቆጣጠር ነው።»

«እሷ ሳትገለብጥልሽ ካየሽው መፈተሽ ነው» አለ።

ተናደድኩ። በትልቅ ሰው፣ ያውም በሂሳብ ሠራተኛ ላይ፣ በልጇ ፊት እንዲህ ይባላል? ንዴቴ ሳይበርድ የተናገርኩት ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

«ደግሞ አባዬ፣ ከእንግዲህ ሳንቲም በእጇ አትስጣት። ግማሹ ኪስ፣ ግማሹ ካርድ ላይ ከሆነ ገንዘቧን በአንድ ዓይን አታየውም። መስጠት ከፈለግህ ሂሳቧ ውስጥ አስገባላት።»

መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «በየሳምንቱ?»

«በፈለግህ ጊዜ። ባንኩ እኮ አፍንጫህ ሥር ነው።»

ልጄን አያት። እሷ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስሟን በጣቷ ትዳስሳለች።

«ልክ ነው» አለ።

ያን ቀን ያስቀረሁበት ሳንቲም መስጠቱን መስሎኝ ነበር። ለካ ቅዳሜውን ነው የወሰድኩበት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቃትን አንዲት ቀን።

አትሂጂ ያላት የለም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ፈተና ነበረባት። በሁለተኛው ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው የጓደኛዋ ልደት ሆነ። ለአራተኛው ሰበብ የፈለገለትም የለም። ቤት ብቻዋን መዋል የምትችል ልጅ ሆናለች፤ ድሮ እግሯን ወደዚያ የሚስባት ሳንቲም ደግሞ አሁን ራሱ በሮ ይመጣል። ክፉ ልጅ አይደለችም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ናት።

አባቴ አልወቀሰንም። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ገደማ ይደውላል።

«ገባላት?»

«ገብቷል አባዬ።»

«ቁልፌስ?»

«ደህና ናት። ጓደኞቿ ጋ ናት።»

«ልክ ነው» ይልና ይዘጋዋል።

እኔ ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ «የሰባ ስድስት ዓመት አባቴ ባንክ ለመደላችሁ» እያልኩ አወራለሁ። አንድ ቅዳሜ በሱቁ በኩል ሳልፍ በሩ ላይ «ባንክ ሄጃለሁ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ አየሁ። ጫማ ሠሪው «አባትሽ ሀብታም ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ፈትቶ ባንክ ነው የሚሰለፈው» ብሎ ቀለደ። ሳቅን። ቸኩዬ ስለነበር ሳልጠብቀው ሄድኩ።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ልጄ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ከትምህርት ቤት መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገብታ ደብተርና ባለ ቀለም እስክሪብቶ መርጣ፣ ካርዱን ስትሰጥ ሻጩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሂሳብሽ አይበቃም» ብሏታል።

«ትናንት እንደነበረው ነው እኮ እማዬ!» አለችኝ ካርዱን እያሳየችኝ።

በእርግጥም እንደነበረው ነው። ምንም አልቀለለም። መልእክቶቹ ስልኬ ላይ እየመጡ ነበር፤ ግን ሲበዙብኝ ማንበቡን ትቼዋለሁ። ኪሷን ለመፈተሽ ከአባቴ ጋር ተጣልቼ፣ ያንኑ ኪስ በቅጡ አልፈተሽኩም ማለት ነው። «ግድ የለም» አልኳት፤ «ዝርዝሩን ከባንክ አምጥተን አብረን እናያለን። ገንዘብሽ የት እንደሄደ ራስሽ ታገኚዋለሽ።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ባንክ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለው ወጣት ገንዘብ ተቀባይ የልጄን ስም ሲያይ ቀና አለ።

«የቅዳሜው አባት ልጅ ነዎት?»

«ነኝ። አስቸገረህ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ብቻ ‹የገቢ ምክንያት› የሚለው ላይ ብዙ ይጽፋሉ። ሰው ሁሉ ‹ስጦታ› ወይ ‹ቁጠባ› ብሎ ነው የሚያልፈው። ‹ስጦታ ይበሉት፣ ይበቃል› ብያቸው ነበር። ‹ምክንያቱን ከጠየቃችሁ ምክንያቱን ነው የምጽፈው› አሉኝ።» ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፈልኝ። «እኔም የጻፉትን እንዳለ ነው የማስገባው።»

ወረፋው ረጅም ስለነበር ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከሥራ እንደተመለስኩ ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ለወጪ ቀይ እርሳስ፣ ለገቢ አረንጓዴ አዘጋጀሁ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አሰምርበታለሁ። ወጪውን አስቀደምን። ብስኩት፣ ብስኩት፣ የፀጉር ጌጥ፣ ብስኩት። የብስኩቱን ድምር ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «ይህን ሁሉ የበላሁት እኔ ነኝ?» አለች። ትምህርቱ ሰመረልኝ ብዬ በሆዴ ፈነደቅኩ። ወደ ገቢው አለፍን።

«ገቢ፤ ‹ለልጅ ልጄ›።»

አሰመርኩ።

«ገቢ፤ ‹ፈተና ስላለባት አልመጣችም›።» ሳቀች። «አባባ ይሄን ለምን ይጽፋል?»

«ቀጥይ።»

«ገቢ፤ ‹ዝናብ ነበር›። ገቢ፤ ‹ልደት ሄዳ ነው›። ገቢ፤ ‹መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ የለም›።»

ድምጿ እየቀነሰ መጣ። የሚቀጥለውን ካነበበችው በኋላ ነው ወደ እኔ ቀና ያለችው።

«ገቢ፤ ‹ናፍቆት›።»

ከሥሩ ያለው «እንደ ባለፈው» ይላል። ከእሱም ሥር «እንደ ባለፈው»። ወረቀቱን ገለበጠችው። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ፣ ሃያ ቅዳሜ፣ «እንደ ባለፈው» ነው።

አባቴ ለተጠየቀው የሚመልስ ሰው ነበር። ባንኩ በየሳምንቱ ለምን እንደሚያስገባ ጠየቀው፤ መለሰ። እኔ ግን በየሳምንቱ እያዋራሁት አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ «አባባ ናፍቆኛል ብሎ የሚናገረው ለባንክ ነው እንዴ?»

አረንጓዴውን እርሳስ እንደያዝኩ አለቀስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ገቢና ወጪ ሳስታርቅ ኖሬ፣ ከአባቴ ገቢ ላይ ያየሁት ቁጥሩን ብቻ ነበር። ልጄም ተነሥታ ከጎኔ ቆመች፤ ትከሻዬን እንደ ትልቅ ሰው መታ መታ ታደርገኛለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ ሁለታችንም ሄድን። ካርቶኑ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጫማ ሠሪው ሁለት በርጩማ አወጣልንና ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ብዙም ሳይቆይ አባቴ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለ። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙም የአዘቦት ሸሚዙ ነው። የባንኩን ደረሰኝ በእጁ ይዟል። ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ። ደስታ መስሎኝ ነበር፤ ድንጋጤ ነው። በዚያ ዕድሜው ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ገና ሳይደርስ። «አልገባም እንዴ? አሁን አስገብቼ መምጣቴ ነው!»

«ገብቷል አባባ» አለች ልጄ።

«ካርዱ ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አመመሽ? ከሥራ አስወጡሽ?»

«ኧረ ደህና ነን አባዬ።»

«ታዲያ?»

በአውቶቡስ ውስጥ የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ ይቅርታውን፣ ምክንያቱን፣ ሁሉን። ከመጀመሬ በፊት ግን ልጄ ቀደመችኝ።

«ዝም ብለን ነው የመጣነው» አለችው።

«ዝም ብላችሁ?»

«አዎ። ዝም ብለን።»

አንገቱን ነቀነቀና ወደ በሩ ዞረ። ቁልፉን ከጓጉንቸሩ ጋር ማገናኘት አቃተው። ልጄ ከእጁ ተቀብላ ከፈተችለት።

ውስጥ ገብታ ማንም ሳያዛት ስፖንጁን ሳበች። ክር እያስገባች የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩን ታሪክ ነገረችው። የሰውየውን አፍንጫ፣ የሰውየውን ድምፅ እያስመሰለች፣ የራሷንም ልቅሶ ሳትደብቅ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። መርፌዎቹን ስትጨርስ ቆርቆሮዎቹን አወረደች። እኔ ጥጉ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅ ሳለሁ እንዳደርገው፣ ከአንድ ጃኬት ላይ ነጭ ክር መምዘዝ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሱቁ የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን አባቴ በእጁ የነበረውን ሱሪ ጨረሰ። ካውያውን ነቀለ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ፣ መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። ልጄ ሁለተኛውን ቆርቆሮ ገና አላጋመሰችም፤ አቀርቅራ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ታወራለች። አባቴ እጁን መለሰ። ወደ ዘንጉ ሄዶ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረገና ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ግራጫ ኮት አወረደ። ኮሌታው ላይ የተሰካችውን ወረቀት አየኋት፤ ቀጠሮው ለሚመጣው ወር መጨረሻ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ቸኩሏል» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ተነሥቼ ካውያውን መልሼ ሰካሁለት።